በፍጥነት የሚዛመት የታይሮይድ ካንሰር እና የዘረመል ምርምር፦ ለየካ ክፍለ ከተማ እና ለእንጦጦ አካባቢ ነዋሪዎች የተዘጋጀ መረጃ

ታይሮይድ በአንገት ፊት ለፊት፣ ከማንቁርት በታች የሚገኝ፣ የቢራቢሮ ቅርጽ ያለው ዕጢ ነው። የልብ ምትን፣ የሰውነት ሙቀትን፣ የኃይል አጠቃቀምን እና የሕፃናትን የአእምሮ ዕድገት የሚመሩ ሆርሞኖችን ያመርታል። ዕጢው ከመጠን በላይ ሲያድግ በተለምዶ እንቅርት ይባላል። አብዛኛው እንቅርት ካንሰር አይደለም፤ በታይሮይድ ላይ ከሚገኙ እብጠቶች ውስጥም ከመቶ ከ90 በላይ የሚሆኑት ካንሰር የሌለባቸው ናቸው። ይሁን እንጂ ጥቂቶቹ ወደ ካንሰር ይለወጣሉ፤ ከእነዚህም ውስጥ እጅግ ጥቂት የሆኑት በሳምንታት ጊዜ ውስጥ የአየር ቧንቧን እስከ መዝጋት ይደርሳሉ።

ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለው ካንሰር እንዴት እንደሚፈጠር፣ የዘረመል ምርምር ምን እንዳስገነዘበ፣ ዜጎች በየትኛው ምልክት ጊዜ ሳይዘገዩ ሕክምና መሻት እንዳለባቸው እና በካንሰሩ የተያዘ ሰው ቤተሰብ መቼ መመርመር እንደሚገባው ያብራራል።

እንቅርት እና የደጋው መሬት

ታይሮይድ ሆርሞን ለማምረት አዮዲን የተባለ ንጥረ ነገር ያስፈልገዋል። አዮዲን በተፈጥሮ በአፈር ውስጥ ይገኛል፤ ሆኖም እንደ እንጦጦ ባሉ ተራራማ ቦታዎች ለዘመናት የዘነበው ዝናብ አፈሩን እያጠበ አዮዲኑን ወደ ቆላ እና ወደ ባሕር ይወስደዋል። በዚህ ምክንያት በደጋው መሬት የሚበቅለው እህልና አትክልት የአዮዲን መጠኑ አነስተኛ ነው። ዕጢው የሚፈልገውን አዮዲን ሲያጣ እጥረቱን ለማካካስ ይፋፋል። እንቅርት በሀገራችን ምን ያህል የተለመደ እንደነበር «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው አባባል ራሱ ይመሰክራል።

እ.ኤ.አ. በ1998 በተቀሰቀሰው ጦርነት ምክንያት በአሰብ በኩል ይመጣ የነበረው አዮዲን ያለው ጨው ተቋረጠ። ገበያው በአመዛኙ በአፋር ክልል ከሚገኘው ከአፍዴራ በሚመጣ ጨው ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ ይህም ጨው ለዓመታት አዮዲን ሳይጨመርበት ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ በሆነ ሀገር አቀፍ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 12 ዓመት ከሆነ ሕፃናት መካከል 39.9 በመቶ የሚሆኑት እንቅርት እንዳለባቸው ታውቋል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድደውን ደንብ ቁጥር 204 አውጥቷል። በሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናቶች መሠረት አዮዲን ያለው ጨው የሚጠቀሙ ቤተሰቦች ድርሻ እ.ኤ.አ. በ2011 ከነበረበት 15 በመቶ ገደማ በ2016 ወደ 89 በመቶ ከፍ ብሏል።

ይህ ለውጥ ሕፃናትን ከእንቅርት ይጠብቃል። ከለውጡ በፊት ያደጉ፣ ዛሬ በጉልምስና እና በእርጅና ዕድሜ የሚገኙ ሰዎች ግን እንቅርታቸውን ይዘው ይኖራሉ። በየካ እና በእንጦጦ ሥር ባሉ ሰፈሮች እንቅርት ይዘው ለብዙ ዓመታት የኖሩ እናቶችና አባቶች ይህን መረጃ በተለይ እንዲያነብቡት፣ ማንበብ ለማይችሉም ቤተሰቦቻቸው እንዲያነብቡላቸው ይመከራል።

የታይሮይድ ካንሰር ዓይነቶች

የታይሮይድ ካንሰር በሴቶች ላይ ከወንዶች በሦስት እጥፍ ገደማ ይበዛል። ዋና ዋና ዓይነቶቹ አራት ናቸው።

ፓፒላሪ፦ ከሁሉም የሚበዛው ዓይነት ነው። አብዛኛውን ጊዜ በዝግታ ያድጋል፤ በጊዜ ከታከመ የመዳን ዕድሉ ከፍተኛ ነው።

ፎሊኩላር፦ በስርጭት ሁለተኛው ሲሆን፣ አዮዲን በሚያንስባቸው አካባቢዎች ድርሻው ከፍ ይላል። በደም አማካይነት ወደ አጥንትና ወደ ሳንባ ሊዛመት ይችላል።

ሜዱላሪ፦ ካልሲቶኒን የተባለውን ሆርሞን ከሚያመርቱ ሌሎች የታይሮይድ ሕዋሳት ይነሣል። ከታማሚዎቹ አንድ አራተኛ ያህሉ በሽታውን በውርስ ያገኙት ናቸው።

አናፕላስቲክ፦ ከታይሮይድ ካንሰሮች ከ1 እስከ 2 በመቶ ገደማ ቢሆንም፣ በታይሮይድ ካንሰር ምክንያት ከሚደርሰው ሞት ከፍተኛ ድርሻ አለው። ብዙውን ጊዜ ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች፣ በአብዛኛውም ለረጅም ዓመታት በቆየ እንቅርት ወይም ቀደም ሲል በነበረ ሌላ የታይሮይድ ካንሰር ላይ ይነሣል። ያለ ሕክምና የታማሚው ዕድሜ በወራት የሚቆጠር ነው። በዚህ ምክንያት ሐኪሞች አናፕላስቲክን ገና ሲገኝ ጀምሮ አራተኛ ደረጃ ላይ እንደደረሰ ካንሰር ይመድቡታል።

የዘረመል ምርምር ያስገነዘበው

እያንዳንዱ የሰውነት ሕዋስ ሥራውን የሚያከናውነው በውስጡ በተጻፈ መመሪያ ነው። የዚህ መመሪያ እያንዳንዱ ክፍል ዘረመል ወይም ጂን ይባላል። ሕዋስ ሲከፈል መመሪያው ይገለበጣል፤ በሚገለበጥበትም ጊዜ ስሕተት ሊፈጠር ይችላል። አብዛኛው ስሕተት ይታረማል ወይም ጉዳት ሳያደርስ ይቀራል። ስሕተቱ የሕዋስን መከፋፈል በሚቆጣጠር ዘረመል ላይ ሲወድቅ ግን ሕዋሱ ያለ ልክ መባዛት ይጀምራል።

በታይሮይድ ካንሰር ላይ በብዛት የሚታወቀው የዘረመል ለውጥ ቢ-ራፍ በተባለው ጂን ላይ የሚደርሰው ነው። ይህ ጂን እንደ መብራት ማብሪያና ማጥፊያ ለሕዋሱ «ተከፈል» ወይም «ቁም» የሚል ምልክት የሚያስተላልፍ ፕሮቲን ያሠራል። በፕሮቲኑ 600ኛ ቦታ ላይ ያለው አንድ አሚኖ አሲድ በሌላ ሲተካ ማብሪያው እንደበራ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የተጠናቀቀና ወደ 500 የሚጠጉ የፓፒላሪ ካንሰር ናሙናዎችን የመረመረ ጥናት ይህን ለውጥ በ60 በመቶ ገደማ በሚሆኑት ላይ አግኝቷል። ፎሊኩላር ካንሰር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ኤን-ራስን ከመሳሰሉ የሌላ ቤተሰብ ጂኖች ለውጥ ጋር ይያያዛል።

አንድ ለውጥ ብቻውን ካንሰሩን አደገኛ አያደርገውም። አደጋው የሚጨምረው ለውጦቹ ሲደራረቡ ነው። ቲ.ፒ.53 የተባለው ጂን የተበላሸ ሕዋስ እንዳይባዛ የሚያግድ ዘበኛ ነው። ቴርት የተባለው ጂን ደግሞ፣ የሚቆጣጠረው ክፍል ሲለወጥ፣ ሕዋሱ ሳያረጅ ያለ ገደብ እንዲከፈል ያስችለዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የሆነና 117 ጠባያቸው የከፋ የታይሮይድ ካንሰር ናሙናዎችን የመረመረ ጥናት፣ ከአናፕላስቲክ ናሙናዎች 73 በመቶ የሚሆኑት የቲ.ፒ.53 ለውጥ እንዳለባቸው፣ የቴርት ለውጥም በተመሳሳይ መጠን እንደሚገኝባቸው አሳይቷል። በፓፒላሪ ካንሰር ላይ የቴርት ለውጥ የሚገኘው ከ10 በመቶ ባነሱ ናሙናዎች ነው።

ይህ ግኝት ለረጅም ጊዜ ፀጥ ብሎ የኖረ እብጠት በድንገት የሚለወጥበትን ምክንያት ያስረዳል። የመጀመሪያው ለውጥ ለዓመታት ሳይታወቅ ይቀመጣል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሲጨመሩበት ሕዋሱ የታይሮይድ ሕዋስነቱን ያጣል፤ አዮዲን መሳብም ያቆማል። ስለዚህ ለፓፒላሪ እና ለፎሊኩላር ካንሰር የሚሰጠው የጨረራ አዮዲን ሕክምና ለአናፕላስቲክ አይሠራም። እንቅርቱ ሃያ ዓመት ያልጎዳ መሆኑ ወደፊትም እንደማይጎዳ ማረጋገጫ የማይሆነው በዚሁ ምክንያት ነው።

«የዘረመል ለውጥ» ማለት «ከዘር የመጣ» ማለት አይደለም

ዘረመል የሚለው ቃል ዘር ከሚለው ጋር ስለሚቀራረብ ብዙ ሰዎች «የዘረመል ለውጥ ተገኘ» ሲባሉ በሽታው ከወላጅ የተወረሰ፣ ለልጅም የሚተላለፍ ይመስላቸዋል። በዚህ የተነሣ ውጤታቸውን ከትዳር አጋር፣ ከልጆች እና ከዘመድ የሚደብቁ፣ ምርመራውንም ከነአካቴው የሚሸሹ አሉ።

በፓፒላሪ፣ በፎሊኩላር እና በአናፕላስቲክ ካንሰር ላይ የሚገኙት የቢ-ራፍ፣ የቴርት እና የቲ.ፒ.53 ለውጦች በአብዛኛው ሰውየው ከተወለደ በኋላ በዕጢው ሕዋስ ውስጥ ብቻ የተፈጠሩ ናቸው። ታማሚው ከወላጆቹ አልወረሳቸውም፤ ለልጆቹም አያስተላልፋቸውም። በቤተሰቡ ላይ ነቀፋ የሚያመጣ ወይም ትዳርን የሚያሰናክል ነገር የለም።

በእርግጥ በዘር የሚተላለፈው ዓይነት

ከዚህ የተለየው ሜዱላሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ተመራማሪዎች በውርስ የሚመጣው የሜዱላሪ ካንሰር አር.ኢ.ቲ. በተባለ ጂን ለውጥ ምክንያት እንደሚከሰት አረጋግጠዋል። ይህን ለውጥ የወረሰ ሰው ለውጡ በሁሉም የሰውነቱ ሕዋሳት ውስጥ ይኖራል፤ ወንድ ልጅም ሆነ ሴት ልጅ፣ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ከታይሮይድ በተጨማሪ ከኩላሊት በላይ ባለው አድሬናል ዕጢ እና በፓራታይሮይድ ዕጢዎች ላይ እብጠት ሊያስከትል ይችላል።

በቤተሰብ ውስጥ አንድ ሰው ሜዱላሪ ካንሰር እንዳለበት ከታወቀ ወላጆቹ፣ ወንድሞቹ፣ እኅቶቹ እና ልጆቹ ስለ ዘረመል ምርመራ ሐኪም ማማከር ይገባቸዋል። ምርመራው የሚደረገው በደም ናሙና ነው። ለውጡን አለመውረሱ የተረጋገጠ ልጅ በዚህ ምክንያት ተጨማሪ ክትትል አያስፈልገውም። ለውጡን የወረሰ ልጅ ደግሞ ካንሰሩ ከመነሣቱ በፊት ታይሮይዱን በቀዶ ሕክምና በማስወገድ ሊጠበቅ ይችላል። የቀዶ ሕክምናው ጊዜ እንደ ለውጡ ዓይነት ይለያያል፤ በአደገኛው ዓይነት በመጀመሪያው የዕድሜ ዓመት፣ በሌሎች በአምስት ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በኋላ ሊሆን ይችላል። ዕጢው የወጣለት ሰው በየቀኑ የታይሮይድ ሆርሞን እንክብል እየወሰደ ጤናማ ሕይወት መምራት ይችላል። በዚህ ዓይነት ካንሰር ውጤትን ከዘመድ መደበቅ የዘመድን ሕይወት ለአደጋ ያጋልጣል።

ምርምሩ ለሕክምና ያስገኘው

የዘረመል ለውጦቹ መታወቅ ለውጡን ለይተው የሚያግዱ መድኃኒቶች እንዲሠሩ አስችሏል። ዳብራፌኒብ እና ትራሜቲኒብ የተባሉት መድኃኒቶች በጥምረት፣ የቢ-ራፍ ለውጥ ላለበት አናፕላስቲክ ካንሰር እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ ተፈቅደዋል። የአር.ኢ.ቲ. ለውጥን የሚያግደው ሴልፐርካቲኒብ ደግሞ በ2020 ተፈቅዷል። እነዚህ መድኃኒቶች የሚሠሩት ለውጡ በምርመራ ለተረጋገጠለት ታማሚ ብቻ ነው፤ ዋጋቸውም ከፍተኛ ነው። ምርመራውም ሆነ መድኃኒቱ በሁሉም የሕክምና ተቋም የሚገኝ ስላልሆነ፣ አስፈላጊነቱንና የሚገኝበትን መንገድ የሚገልጸው የካንሰር ሐኪሙ ነው።

በዓለም ላይ የተሰበሰበው የካንሰር ዘረመል መረጃ በአብዛኛው ከአውሮፓ፣ ከሰሜን አሜሪካ እና ከምሥራቅ እስያ ሰዎች የተወሰደ ነው፤ የአፍሪካውያን ድርሻ አነስተኛ ነው። በሌላ ሕዝብ ላይ የተገኘ ውጤት ለእኛ ምን ያህል እንደሚሠራ የሚታወቀው በሀገር ውስጥ በሚደረግ ምርምር ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የተቋቋመው የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ በከተማዋ የሚገኙ የካንሰር ታማሚዎችን በመመዝገብ ለዚህ ሥራ መሠረት ጥሏል። በትክክል የተመረመረና የተመዘገበ እያንዳንዱ ታማሚ ከእርሱ በኋላ ለሚመጡት ይጠቅማል።

ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም የሚያስኬዱ ምልክቶች

የእንጦጦን ዳገት ሲወጡ የሚያጋጥም የትንፋሽ ማጠር የዕድሜ ወይም የሸክም፣ የድምፅ መጎርነን የብርድ፣ ሳል የጭስ ውጤት ተደርጎ ይታለፋል። በአንገት ላይ እብጠት ያለበት ሰው ግን ከሚከተሉት አንዱ ሲታይበት ቀን ሳይቆጥር መመርመር አለበት።

• ለዓመታት በአንድ መጠን የቆየ እንቅርት በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ ማደግ ሲጀምር፤
• እብጠቱ እንደ ድንጋይ ሲጠነክር፣ ሲውጡም ከቦታው የማይንቀሳቀስ ሲሆን፤
• ድምፅ ጎርንኖ ከሦስት ሳምንት በላይ ሲቆይ፤
• ምግብ ወይም ውሃ ለመዋጥ ሲያስቸግር፤
• በአንገት ጎን ላይ የማይጠፋ ንፍፊት ሲወጣ፤
• በቤተሰብ ውስጥ የታይሮይድ ካንሰር ያለበት ሰው ኖሮ አዲስ እብጠት ሲገኝ።

ትንፋሽ ሲያጥር ወይም አየር ሲስቡ የሚያፏጭ ድምፅ ሲሰማ የሪፈራል ወረቀት መጠበቅ አያስፈልግም፤ በአቅራቢያ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል በቀጥታ መሄድ ይገባል።

የአገልግሎቱ ቅደም ተከተል

ድንገተኛ ላልሆነ ሁኔታ የመጀመሪያው መነሻ በሚኖሩበት ወረዳ የሚገኘው ጤና ጣቢያ ነው። ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያልቻሉ አረጋውያን በየቤቱ ለሚዘዋወሩ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ማሳወቅ ይችላሉ። ባለሙያው አንገትን በእጅ ዳስሶ ይመረምራል፤ አስፈላጊ ሲሆን ወደ ሆስፒታል ይልካል። በየካ ክፍለ ከተማ የካ ኮተቤ አጠቃላይ ሆስፒታል፣ በእንጦጦ ግርጌ በጉለሌ በኩል ደግሞ ቅዱስ ጴጥሮስ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይገኛሉ። ልዩ የካንሰር ሕክምና ሲያስፈልግ ታማሚው እንደ ጥቁር አንበሳ ወዳለ የካንሰር ማዕከል ይላካል።

ምርመራው በአብዛኛው ሦስት ደረጃ አለው። አንደኛው የደም ምርመራ ሲሆን የሆርሞን መጠንን ያሳያል። ሁለተኛው አልትራሳውንድ ነው፤ የእብጠቱን መጠንና ይዘት ያሳያል፤ ሕመም የለውም። ሦስተኛው ከእብጠቱ በቀጭን መርፌ ናሙና ተወስዶ በፓቶሎጂ ባለሙያ በማይክሮስኮፕ የሚታይበት ነው። መርፌው ካንሰሩን ያሠራጫል የሚለው ፍርሃት ከምርመራ ሊያስቀር አይገባም፤ ናሙናው ካልተወሰደ የእብጠቱን ምንነት መለየት አይቻልም። የዘረመል ምርመራ አስፈላጊ ሆኖ ከተገኘ የሚከተለው ከዚህ በኋላ ነው።

ወደ ጤና ተቋም ሲሄዱ መታወቂያ፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ የአባልነት መታወቂያ፣ የሪፈራል ወረቀት፣ ቀደም ሲል የተደረጉ የምርመራ ውጤቶች እና የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ይያዙ። የአንገትን የቆየ ፎቶግራፍ ማሳየትም እብጠቱ በምን ፍጥነት እንዳደገ ለሐኪሙ ያመለክታል። የፓቶሎጂ ውጤትዎን ቅጂ ጠይቀው ያስቀምጡ፤ የካንሰሩን ዓይነት ስም ማወቅ ለቤተሰብዎም ያስፈልጋል።

ጸበል እና ባህላዊ ሕክምና

በእንጦጦ ጸበል የሚጠመቁ ብዙ ሕሙማን አሉ። ከዓመታት በፊት በኤች.አይ.ቪ. ጉዳይ የቤተ ክርስቲያን አባቶች ጸበልና መድኃኒት አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ በይፋ አስተምረዋል። በዚህም በሽታ እንዲሁ ነው፤ ጸበል የሚከታተል ሰው ምርመራውንና ሕክምናውን ማቋረጥ የለበትም። እንቅርትን መብጣት፣ መተኮስ ወይም መድማት ግን ለደም መፍሰስና ለቁስለት ይዳርጋል፤ በፍጥነት በሚያድግ ካንሰር ላይ ደግሞ የሚባክነው ጊዜ ተመልሶ አይገኝም።

ለምርምር ናሙና ሲጠየቁ ያሉዎት መብቶች

ከሕክምና ውጭ ለምርምር ናሙና እንዲሰጡ ሲጠየቁ የጥናቱ ዓላማ፣ ናሙናው የት እንደሚቀመጥ እና ወደ ውጭ ሀገር ይላክ እንደሆነ በሚገባዎት ቋንቋ ሊብራራልዎት ይገባል። ጥናቱ በሥነ ምግባር ኮሚቴ የጸደቀ መሆኑን መጠየቅ ይችላሉ። ፈቃድ አለመስጠት ወይም ከሰጡ በኋላ መተው በሚያገኙት ሕክምና ላይ ለውጥ አያመጣም። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የዘረመል መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚደረግላቸው መረጃዎች ይመድበዋል።

መከላከል

አዮዲን ያለው ጨው መጠቀም እንቅርትን ይከላከላል፤ አዮዲን በበቂ መጠን መዳረስ በጀመረባቸው አገሮችም የአናፕላስቲክ ካንሰር ድርሻ መቀነሱ ታይቷል። ጨው ሲገዙ አዮዲን ያለው መሆኑን በማሸጊያው ላይ ያረጋግጡ። ጨውን ከፀሐይ፣ ከእርጥበት እና ከምድጃ አርቀው በተከደነ ዕቃ ያስቀምጡ፤ አይጠቡት፤ ወጥ ከመውጣቱ ጥቂት ቀደም ብለው ይጨምሩት። እርጉዞችና የሚያጠቡ እናቶች የአዮዲን ፍላጎታቸው ከፍ ያለ ስለሆነ ይህን በተለይ ሊከታተሉ ይገባል። የጨው አዮዲን የቆየን እብጠት አያጠፋም፤ ስለዚህ በአንገታቸው ላይ እብጠት ያለባቸው ሰዎች ጨውን ከመቀየር ጋር ምርመራ ማድረግ አለባቸው።

በራስዎ ወይም በቤተሰብዎ አባል ላይ ከላይ ከተዘረዘሩት ምልክቶች አንዱን ካዩ፣ በሚኖሩበት ወረዳ ወደሚገኘው ጤና ጣቢያ ቀርበው ምርመራ እንዲያደርጉ እናሳስባለን።